ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ አጥንት የውሻን ጥርስ ያጸዳል?

ጥያቄ፦ ቡቺ 6 ዓመቱ ነው። ጥርሱ እንዲጸዳ እያልን ከሥጋ ቤት ቅልጥም እናመጣለታለን። ከ3 ሳምንት ወዲህ አፉ ይሸታል፣ ልሃጩ ይዝረከረካል፣ በአንድ ጎኑ ብቻ ያኝካል። ከቀኝ ዓይኑ ሥር አብጦ ነበር፤ ቤት የነበረ አሞክሲሲሊን ስንሰጠው ጎደለለት፣ አሁን ተመልሷል። ልጆቹ እንዳይጠጉት ከልክያለሁ። ከአጥንት ሌላ ጥርስ የሚያጸዳ ተፈጥሯዊ ነገር ምን አለ?

መልስ፦ ልጆቹን ለምን እንደከለከሉ ገብቶኛል። ልሃጩን ሲያዩ የእብድ ውሻ በሽታ መስሎዎታል። አይደለም። ያ በሽታ ምልክቱ የታየበት ውሻ አብዛኛውን ጊዜ 10 ቀን ሳይሞላው ይሞታል፤ ቡቺ 3 ሳምንት ሙሉ እየበላ ነው። በሽታው ከዓይን ሥር አያሳብጥም። እስኪታከም ግን ልጆቹ አፉን አይንኩ፤ የሚያመው ውሻ ሳያስበው ይነክሳል።

የታመመው ጥርሱ ነው። ያንን ጥርስ የሰበረው ደግሞ ቅልጥሙ ሳይሆን አይቀርም።

«አጥንት ጥርስ ያጸዳል» የሚለው አባባል አልሞት ያለው ግማሽ እውነት ስላለበት ነው። ውሻ ሲግጥ የጥርሱ ጫፍ ይፈገፈግና ነጣ ይላል። በሽታው የሚጀምረው ግን ድድና ጥርስ ከሚገናኙበት ጠርዝ ሥር ነው፤ አጥንት እዚያ አይደርስም። የውሻ ጥርስ ሽፋን ከእኛ ይሳሳል። የበሬ ቅልጥም ሲቆረጥም ኃይሉ ሁሉ የሚያርፈው ከላይ ባለው ትልቁ ጥርስ፣ በ4ኛው ቅድመ መንጋጋ ላይ ነው፤ ውጭ ጎኑ እንደ ቅርፊት ተልጦ ይነሳል። ጥርሱ 3 ሥር አለው፣ የሥሮቹም ጫፍ ከዓይን ዝቅ ብሎ ነው ያለው። ስለዚህ ሲመግል እብጠቱ የሚወጣው ከዓይን ሥር ነው። ባለቤቶቹም ንብ ነደፈው፣ ዓይኑን አመመው እያሉ ጠብታ ይጨምሩለታል። ቀንድና ሰኮናም ከቅልጥም አይሻሉም። ቀቅዬ ልስጠው እንዳይሉ፤ የተቀቀለ አጥንት ተሰንጥሮ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል።

አሞክሲሲሊኑ መግሉን አበረደው እንጂ ስብራቱን አልደፈነም፤ ባክቴሪያው በዚያው ቀዳዳ ተመልሶ ገባ። ድጋሚ አይስጡት፣ እባክዎ! 3 ሳምንት መጠበቅዎም በዝቷል። ውሻ ጥርሱን ሲያመው አይጮኽም፣ እያመመውም ይበላል። ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ለማስታገሻ ብለው ጨርሶ እንዳይሞክሩ፤ ጨጓራውን ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱን ያበላሻሉ። በዚህ ሳምንት የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት። ጥርሱ በሙሉ ማደንዘዣ ይነቀል ይሆናል፤ ያለ እሱም ደህና አድርጎ ይበላል፣ አይጨነቁ።

ቁስሉ ሲድን ወደ ጠየቁኝ ነገር እንመጣለን። የሚታኘክ ነገር ሲመርጡ በአውራ ጣትዎ ጥፍር ይጫኑት፤ ምልክት ካልያዘ ለጥርሱ ይጠነክራል። የደረቀ የበሬ ጅማት ጥሩ ነው፣ ከአፍንጫው እስከ ግንባሩ ካለው ርዝመት የሚበልጥ ይሁን፤ እያዩት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያኝክ፣ ሲያጥር ሳይውጠው ይቀበሉት። ሙሉ ጥሬ ካሮትም ይሆናል፣ ብዙ ግን አይጠብቁበት። ቋንጣ አይሆንም፣ ጨውና በርበሬ አለበት። ጥሬ ሳንባና ጉበት በፍጹም! ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያለበትን ከበላ አንጀቱ ውስጥ ትል ይራባል፣ እንቁላሉም በዓይነ ምድሩ ለልጆችዎ ይተርፋል።

ከሁሉም የሚበልጠው ብሩሽ ነው። ለስላሳ የልጅ ብሩሽ በውሃ አርጥበው፣ ወደ ድዱ ዘንበል አድርገው፣ የጥርሱን ውጭ ጎን ብቻ በየቀኑ በግራም በቀኝም ለ30 ሰከንድ ያህል ይቦርሹ። መጀመሪያ ጣትዎ ላይ በተጠቀለለ ጨርቅ ያለማምዱት። በየቀኑ ያልኩት ጥርስ ላይ የሚጣበቀው ቆሻሻ በ2 ወይም 3 ቀን ውስጥ ወደ ድንጋይነት ስለሚለወጥ ነው፤ ያኔ ብሩሽ አያስለቅቀውም። የሰው ጥርስ ሳሙና አይጠቀሙ፤ ውሻ አይተፋም፣ ይውጠዋል፣ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ያለበት ከሆነ ደግሞ የደሙን ስኳር በደቂቃዎች ውስጥ አውርዶ ሊገድለው ይችላል። ሎሚና ጨውም ይቅር፣ ድዱን ያቃጥላል።

እስከ ቀጠሮው ሽንኩርትና በርበሬ የሌለበት ለስላሳ ፍትፍት ያብሉት። ሲሄዱ የክትባት ካርዱንና የሰጡትን መድኃኒት ማሸጊያ ይያዙ፤ ስንት ሚሊግራም ለስንት ቀን እንደወሰደ ሐኪሙ ይጠይቅዎታል።