የባልደረባችንን መቃብር እንዴት እናግኝ? እንዴትስ እንጠብቀው?

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች በጡረታ ላይ ካሉ የቀድሞ ፖሊሶች የደረሱን ናቸው። አብረዋቸው ያገለገሉ ሟቾችን መቃብር በማፈላለግና በመንከባከብ ላይ ይገኛሉ።

ጥያቄ፦ ከሠላሳ ዓመት በፊት በሥራ ላይ ሳሉ የሞቱ የአንድ ሳጅን መቃብር እንፈልጋለን። በእጃችን ያለው ስማቸውና የሞቱበት ዓመት ብቻ ነው። ከየት እንጀምር?

ከመቃብር ስፍራው አትጀምሩ። የክፍልና የረድፍ ቁጥር ሳይዙ በሺህ በሚቆጠሩ ድንጋዮች መካከል መዞር ቀን ይፈጃል። ከዚያ የሚከፋው ደግሞ ሞክሼ የሆነ የሌላ ሰው መቃብር ላይ ደርሶ “አገኘን” ማለት ነው። መጀመሪያ ወረቀቱን ጨርሱ።

ብዙ ጊዜ ፈጥኖ መልስ የሚሰጠው የጡረታ ፋይል ነው። ለባለቤታቸው ወይም ለልጆቻቸው አበል ተወስኖ ከነበረ ትክክለኛው የሞት ቀንና የወራሾቹ ስም እዚያ ተጽፏል። ቀጥሎ በፖሊስ ተቋሙ ያለው የግል ማኅደር ይመጣል፤ የመለያ ቁጥር፣ የትውልድ ቦታና የቅርብ ተጠሪ ስም ይገኝበታል። የትውልድ ቦታውን ችላ አትበሉ። አስከሬን ከሥራ ቦታ ወደ ቤተሰብ አገር መሸኘቱ የተለመደ ስለሆነ፣ ሟቹ ባገለገሉበት ከተማ ብቻ የሚደረግ ፍለጋ ብዙ ጊዜ ባዶ እጅ ያስቀራል። ማመልከቻ ስትጽፉ “ማኅደሩን እንይ” ካላችሁ መከልከላችሁ አይቀርም። የሞት ቀን፣ የትውልድ ቦታና የተጠሪ ስም እንዲነገራችሁ ብቻ ጠይቁ፤ ከቤተሰቡ የፈቃድ ደብዳቤ ካገኛችሁም አያይዙ።

ቀኑን ስታገኙ ወደ መቃብር ስፍራው አስተዳደር ሂዱ። የድሮ የቀብር መዝገቦች በአብዛኛው የሚደረደሩት በስም ሳይሆን በቀብር ቀን ነው። በግዳጅ ላይ የሞተ ሰው አስከሬን ለምርመራ ሊቆይ ስለሚችል ከሞቱ ቀን ጀምራችሁ ቢያንስ የሁለት ሳምንት ገጾች አንብቡ። ስሙን በሁሉም አጻጻፍ ፈልጉ፤ መዝጋቢው የጻፈው የሰማውን ነው። ከሞት በኋላ ማዕረግ ተሰጥቶ ሊሆን ስለሚችል መዝገቡ ላይ ያለው ማዕረግ እናንተ ከምታውቁት ቢለይ አትደናገጡ። ከስሙ ሌላ ሁለት ነገር ሳይገጥም ግን አትቀበሉ፤ ለምሳሌ የሞት ቀንና የትዳር ጓደኛ ስም።

ከመዝገብ ቤቱ ሳትወጡ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ቦታው በማን ስም ነው? የጊዜ ገደብስ አለው? በብዙ አገሮች መቃብር የሚሰጠው ለተወሰነ ዓመት ነው፤ ሳይታደስ ካለፈ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ቀኑ ከተቃረበ ጽዳቱንም ሆነ የድንጋዩን ጥገና ተዉትና መጀመሪያ የቦታውን ጊዜ አሳድሱ።

ጥያቄ፦ ረድፉንና ቁጥሩን አገኘን፤ ቦታው ላይ ግን ሣር ብቻ ነው ያለው።

ድንጋይ ጨርሶ ላይኖር ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ወድቆ አፈር ለብሷል። በግራና በቀኝ ካሉት ቁጥራቸው ከሚነበብ መቃብሮች ተነሥታችሁ በሜትር ልኩና ቦታውን በካስማ ምልክት አድርጉ። ከዚያ በአስተዳደሩ ፈቃድ ብቻ፣ ጫፉ የዶለዶመ ቀጭን የብረት ዘንግ በየ15 ሴንቲሜትሩ በእጅ ክብደት ቀስ እያላችሁ አስገቡ። በመዶሻ አትምቱት፤ የተቀበረውን ድንጋይ ይሰነጥቃል። ከ30 ሴንቲሜትር በታችም አትውረዱ፤ የምትፈልጉት ድንጋዩን እንጂ መቃብሩን አይደለም። ዘንጉ ጠንካራ ነገር በአንድ ጥልቀት ደጋግሞ ከነካ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው፤ ጥልቀቱ ከተለያየ ግን ሥር ወይም ጠጠር ሊሆን ይችላል።

ቦታውን በስልክ ስትመዘግቡ የኬክሮሱንና የኬንትሮሱን ቁጥር ከነጥብ በኋላ እስከ አምስት አሃዝ ያዙ፤ አምስተኛው አሃዝ አንድ ሜትር ያህል ይለያል። ስልኩ ራሱ ግን፣ በተለይ ዛፍ ሥር፣ በብዙ ሜትር ሊሳሳት ስለሚችል ከሁለት ቋሚ ነገሮች፣ ለምሳሌ ከአጥር ማዕዘንና ከበር ምሰሶ፣ ያለውን ርቀት በሜትር ለክታችሁ ጨምሩበት።

ጥያቄ፦ አንድ አባላችን ነጭ እብነ በረዱን በበረኪናና በሽቦ ብሩሽ አጸዳው። መጀመሪያ አማረ፤ አሁን ግን ሲነኩት እንደ ስኳር ይረግፋል። ምን እናድርግ?

በሉ አሁኑኑ አቁሙ፤ ብሩሽ አታስነኩት። በረኪና በድንጋዩ ቀዳዳዎች ውስጥ ጨው ይተዋል። ውሃው ሲተን ጨው ክሪስታል እየሠራ ያብጣል፣ ላዩን ከውስጥ እየገፋ ይፈነቅለዋል። ሽቦው ደግሞ ድንጋዩን ይቧጭራል፤ የተሰበሩት ቅንጣቶቹም ዝገው ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣሉ። የረገፈው አይመለስም። ማድረግ የምትችሉት ንጹሕ ውሃ ያለ ግፊት እያፈሰሱ ማጠብና እንዲደርቅ መተው፣ ከዚያ በኋላ ጨው ለሚያወጣ የድንጋይ ጥገና ባለሙያ ማሳየት ነው።

ለሌሎቹ መቃብሮች ግን እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ፎቶ አንሡ። ቀጥሎ ድንጋዩን በጣት መገጣጠሚያ ቀስ አድርጋችሁ ቆርቁሩ፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ወይም ላዩ ከረገፈ አይጸዳም። ጤነኛ ከሆነ በውሃ በደንብ አርጥቡት። ደረቅ ድንጋይ ማጽጃውን ወደ ውስጥ ይመጥጣል። ለስላሳ የናይለን ወይም የተፈጥሮ ፀጉር ብሩሽ ይዛችሁ ከታች ወደ ላይ ክብ እየሠራችሁ እሹ፤ ከላይ ከጀመራችሁ ቆሻሻው ወርዶ መስመር ይጥላል። ለአንድ መካከለኛ ድንጋይ 20 ሊትር ውሃ ያዙ። ድንጋዩ ላይ የተጣበቀውን አረንጓዴና ግራጫ ቅርፊት በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ጠፍጣፋ መፋቂያ አንሡ። ያልለቀቀውን ለመቃብር ድንጋይ ተብሎ የተዘጋጀ ማጽጃ ቀብታችሁ ተዉት፤ በሳምንታት ውስጥ ራሱ እየሞተ ይረግፋል። ትዕግሥት ከክንድ ጉልበት ይበልጣል።

ኮምጣጤ፣ ሎሚና ማንኛውም አሲድ እብነ በረድንና የኖራ ድንጋይን ያሟሟል። በግፊት ውሃ የሚረጭ ማሽንም አትጠቀሙ። ጽሑፉ አልነበብ ካለ ዱቄት ወይም የጺም መላጫ አረፋ አትቀቡበት፤ ዱቄቱ ሻጋታ ይመግባል፣ አረፋው አሲድነት አለው። ይልቁንስ በመስታወት ብርሃን ከጎን አምጡበት፤ የደበዘዘው ፊደል በጥላው ይነሣል።

ጥያቄ፦ ድንጋዩ አዘንብሏል። በሲሚንቶ እናቁመው?

በሲሚንቶስ አይሆንም። ሲሚንቶ ከብዙ አሮጌ ድንጋይ ይልቅ ድርቅ ያለና ውሃ የማያሳልፍ ስለሆነ እርጥበቱ በድንጋዩ በኩል ይወጣል፤ ድንጋዩም መሬቱ ጋ ይሰበራል። ክብደቱንም አስቡ፦ ቁመቱ 1 ሜትር፣ ወርዱ 50፣ ውፍረቱ 10 ሴንቲሜትር የሆነ እብነ በረድ 135 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። በመሠረት ላይ የተቀመጠ ወይም ከደረት በላይ የሚረዝም ከሆነ ለባለሙያ ተዉት፤ በሚወድቅ የመቃብር ድንጋይ ሰው ሞቷል።

አንድ ወጥ የሆነና በቀጥታ አፈር ውስጥ የቆመ ዝቅተኛ ድንጋይ ከሆነ ግን፣ ደግፋችሁ በጥንቃቄ ካነሣችሁ በኋላ ጉድጓዱን አስፍታችሁ ታቹን በጠጠር ጠቅጥቁ። የቁመቱ አንድ ሦስተኛ ያህል መሬት ውስጥ እንዲቀር አድርጉ። በሁለቱም ወገን ጠጠርና አሸዋ በ10 ሴንቲሜትር ንብርብር እየሞላችሁ፣ እያንዳንዱን እየጠቀጠቃችሁ፣ በየንብርብሩ ውሃ ልክ አሳዩት። በአንድ ጊዜ ከሞላችሁት ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ተመልሶ ይዘነብላል።

ጥያቄ፦ የፖሊስ አርማ ያለበት የብረት ሰሌዳ ድንጋዩ ላይ ማያያዝ እንፈልጋለን፤ ቤተሰቡን ግን አላገኘንም።

እንግዲያው ድንጋዩን አትብሱት። ቀዳዳው ውሃ ያስገባል፤ ብረቱም ሲዝግ ያብጥና ድንጋዩን ይሰነጥቃል። ቤተሰቡ የአገልግሎቱ ጉዳይ እንዲጻፍ የማይፈልግበት የራሱ ምክንያት ሊኖረውም ይችላል፤ ያ ምክንያት ሊከበር ይገባል። አስተዳደሩ ቤተሰቡን በደብዳቤ እንዲጠይቅላችሁ አድርጉ። ፈቃዳቸው ሲገኝ በመቃብሩ ግርጌ ከመሬት እኩል የሆነ ትንሽ ድንጋይ አስቀምጡና አርማውን እዚያ ላይ አስቀርጹ። ሐሳባቸውን ቢለውጡ ዋናው ድንጋይ ሳይነካ ትንሹ ይነሣል።