ፊውዙ ለምን ደጋግሞ ይቃጠላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሚኒባስ አለችኝ፣ ሹፌር ቀጥሬ አሠራታለሁ። የፊት መብራቷ ደካማ ነው ብለን ባለ 100 ዋት አምፖል አስገባንላት፣ ቴፕም ከነአምፕሊፋየሩ ጨመርን። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ መብራቶች የሚጋሩት ባለ 15 አምፒር ፊውዝ ቶሎ ቶሎ ይቃጠል ጀመር። ኤሌክትሪሺያኑ በ30 ቀየረልንና ችግሩ ጠፋ። ግን ረዳቱ ማታ ማታ ላስቲክ ላስቲክ ይሸታል ይላል። እሳት እንዳይነሳብኝ ፈርቻለሁ፣ ምን ላድርግ?
የሚኒባስ ባለቤት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ወንድሜ፣ መኪናዋን ዛሬውኑ አቁማት። ችግሩ አልጠፋም፣ አሁን ወደ ገመዱ ገብቷል።

ፊውዝ የሚጠብቀው ገመዱን ነው። ፋብሪካው 15 ያደረገው ገመዱ የሚችለውን ለክቶ ነው። ሒሳቡን እንየው። የተለመደው አምፖል 55 ዋት ገደማ ነው፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲበሩ በ12 ቮልት ወደ 9 አምፒር ይስባሉ። በ100 ዋት ስትቀይራቸው ወደ 17 ይጠጋሉ። ስለዚህ ሰማያዊው ባለ 15 ፊውዝ ሲቃጠል ሥራውን ሠራ ማለት ነው። አረንጓዴው 30 ሲሰካበት ግን ያ ሁሉ ከልካይ የለውም፣ ገመዱ ይግላል፣ ሽፋኑ ይለሰልሳል፣ ረዳትህን የሸተተው እሱ ነው። ልጁን አመስግነው።

የድሮውን አምፖልና ባለ 15ቱን ፊውዝ መልስ። የጋለውን ገመድ ደግሞ አስመርምረህ ደርቆ ወይም ተጣብቆ ከተገኘ አስቀይረው። መብራቱ አሁንም ከደከመ መስታወቱ ደብዝዞ ወይም የቦዲው መሬት (ኔጌቲቩ ገመድ ከቦዲው ጋር የሚታሰርበት ቦታ) ዝጎ ሊሆን ይችላል፣ መጀመሪያ እሱን አሳይ። በሲጋራ ብር ወረቀት የተጠቀለለ ፊውዝም በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሳጥኑ ቀልጦ ሦስት ፊውዝ አንድ ላይ ተጣብቆ ነበር፣ ያውም ሰው ጭና በምትሠራ መኪና ላይ።

አምፕሊፋየሩን የገጠመው ሰው ገመዱን ከየት እንዳነሳው ጠይቅ። ብዙ ጊዜ በቀጥታ ከባትሪው ፖል ነው የሚነሳው፣ ፊውዝ የሚባል ነገር መሀል ላይ የለም። ከባትሪው አንድ ስንዝር ሳይርቅ ፊውዝ ይግባለት። አምፕሊፋየሩ ራሱ ላይ ያለው ፊውዝ ወንበር ሥር የሚጎተተውን ገመድ አያድነውም።

ከሁሉ በላይ የምለምንህ ግን ይህን ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሲበርድ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ። ፖዘቲቩን ካስቀደምክ የምትፈታበት ቁልፍ ቦዲ ሲነካ እሳት ይረጫል። ከዚያ ወደ ሞተሪኖ (ሞተሩን ወደሚያስነሳው) የሚሄደውን ወፍራም ካቦ በጣትህ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተለው። ይህ ካቦ በአብዛኛው መኪና ላይ ፊውዝ የለውም፣ ሞተር ሲነሳ ደግሞ በመቶ የሚቆጠር አምፒር ያልፍበታል። ቆርቆሮ በስቶ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ጎማው ወልቆ፣ ሽፋኑ ተፍቆ፣ መዳቡ ብልጭ ካለ ናስትሮ ጠቅልለህ እንዳታልፈው፣ ናስትሮ በሙቀትና በዘይት ይላቀቃል፣ ኮብልስቶን ላይ ቀኑን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ የዋለ ካቦ ደግሞ አንድ ቀን ቦዲውን ያገኘዋል። ካቦው ይቀየር፣ ቀዳዳው ጎማ ይግባለት፣ እንዳይወዛወዝም ይታሰር። የሚያንጠባጥብ ዘይት ወይም ናፍጣ ካለ አብሮ ይደፈን። ላቫጆ ላይም ሞተሩን በግፊት ውሃ አታስመታ፣ መሰኪያዎቹ ውስጥ የቀረው ውሃ ያዝጋቸዋል፣ የዛገ መሰኪያ ደግሞ ይግላል።

እሳት ማጥፊያዋ ከሹፌሩ እጅ የማትርቅ ትሁን። ቀስቷ አረንጓዴው ላይ መሆኑን እይ። በየጊዜው ገልብጠህ ነቅንቃት፣ ዱቄቱ ሥሯ ላይ ይጋገራል። ለሹፌሩም ለረዳቱም እንዲህ ብለህ ንገራቸው፦ ጭስ ከታየ ቁም፣ ሞተር አጥፋ፣ በር ክፈት፣ ሰው ይውረድ። ሒሳብ መቀበል የለም፣ ሻንጣ ማውረድ የለም። በዚህ መኪና ሞተሩ ከፊት ወንበር ሥር ስለሆነ ክዳኑን ብድግ ማድረግ ለእሳቱ አየር መስጠት ነው፤ በክፍተቱ በኩል ይረጭ።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ስሳፈር እፈራለሁ። ቶሎ ይቃጠላል ይባላል፣ እውነት ነው?
ተሳፋሪ

መልስ፦ እህቴ፣ የናፍጣውም ይቃጠላል። የኤሌክትሪኩ ልዩነቱ አቃጠሉ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ ወር ፓሪስ ውስጥ ሁለት የኤሌክትሪክ አውቶቡሶች ተቃጠሉና የከተማዋ የትራንስፖርት ድርጅት 149 ተመሳሳይ አውቶቡሶችን ለጊዜው ከመንገድ አስወጣ። ባትሪው ከብዙ ትንንሽ ሴሎች የተሠራ ነው፣ አንዱ ሴል ሲግል ጎረቤቱን ያግለዋል፣ ስለዚህ በትንሿ ማጥፊያ አይቆምም፣ ጠፋ ሲባልም ተመልሶ ሊነሳ ይችላል። ጭሱም መርዝ ነው። ፉጨት ከሰማሽ ወይም ከወለሉ ነጭ ጭስ ሲወጣ ካየሽ ጮኸሽ አስቁሚ፣ ወርደሽ ራቂ፣ ለቪዲዮ ብለሽ አትጠጊ። አዲስ አበባ ከሆንሽ በ939 ደውይና መኪናው የኤሌክትሪክ መሆኑን አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ ብዙ ውሃ ይዘው መምጣት አለባቸው።