እግሬ ሳይሆን ጭንቅላቴ ነው የሚዝለው፦ በሰው ሰራሽ እግር ስለመራመድ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ የምሰራው እግራቸውን ካጡ ሰዎች ጋር ነው። በሰው ሰራሽ እግር ሲራመዱ አእምሮ ምን ያህል እንደሚደክምና ይሄ እንዴት እንደሚለካ ጠይቁኝ። ስለ ዋጋና ስለ ወረፋ ሌላ ቀን። ደግሞ አደራ፣ እዚህ ያነበባችሁትን ብቻችሁን ደረጃ ላይ ወይም አስፋልት ዳር እንዳትሞክሩ።

ባለ ክራንች፦ ከጉልበቴ በላይ ነው የተቆረጥኩት። እየሄድኩ ሰው ካናገረኝ ቆሜ ነው የምመልሰው። ችግር አለብኝ?

መልስ፦ የለብህም። ድሮ እግርህ የት እንዳረፈ የሚነግሩህ መርገጫህ፣ ቁርጭምጭሚትህና ጉልበትህ ነበሩ። አሁን እነሱ የሉም፤ ስራቸውን ዓይንህና ሐሳብህ ተረክበውታል። ሰው ሲያናግርህ ሐሳብህ ሁለት ቦታ መሆን ስለማይችል እግርህን ያቆመዋል። በ1997 የስዊድን ተመራማሪዎች እየተራመዱ ሲያወሩ የሚቆሙ አረጋውያን በቀጣዮቹ 6 ወራት ይበልጥ እንደሚወድቁ አሳይተዋል። እነዚያ እግራቸው የተቆረጠ አልነበሩም፣ ግን ነገሩ አንድ ነው። የሚጥለው መቆሙ አይደለም፤ መቆምህ ጥንቃቄ ነው፤ ቁም።

ፊዚዮ ተማሪ፦ በምን ይለካል?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ሁለት ስራ በአንዴ በማሰራት ነው። ሰውየውን መጀመሪያ ወንበር ላይ አስቀምጠህ ከ100 ላይ ሰባት ሰባት እያስቀነስክ በደቂቃ ስንት ትክክል እንዳለ ትመዘግባለህ። ከዚያ ሳይቆጥር ኮሪደር ላይ ታስኬደዋለህ፣ በመጨረሻ ሁለቱንም አንድ ላይ። አንድ ላይ ሲሆኑ የሚቀንሰው ነው የአእምሮ ጫናው። ብዙ ተማሪ የወንበሩን ይዘለዋል። የወንበሩ ከሌለ ቁጥሩ ምንም አይነግርህም! ደግሞ ሁለቱንም ጎን እይ፤ አንዱ ፍጥነቱን ጠብቆ ቁጥሩን ያበላሻል፣ ሌላው ቁጥሩን ጠብቆ ይንቀረፈፋል። ወንበር ላይ 93፣ 86፣ 79 እያለ የሚያንበለብል ሰው ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል፣ በትንንሽ እርምጃ ይዞራል፣ ፊቱን ካቀና በኋላ ነው 72 የሚለው። ጫናው እዚያ መታጠፊያ ላይ ነው። ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ብቻ ብትለካ ያመልጥሃል።

የጎንደሯ፦ ፊደል ያልቆጠሩ እናቶችን ሰባት ቀንሱ ማለት ግን ግፍ ነው።

መርካቶ ልጅ፦ ምን ግፍ አለው? አባቴ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም፣ ሂሳብ ላይ ካልኩሌተር ይቀድማል።

የጎንደሯ፦ ያንተ አባት ነጋዴ ነው። ሁሉም ሰው መርካቶ አላደገም።

መርካቶ ልጅ፦ መርካቶን ምን አመጣው አሁን?

መልስ፦ ተው እናንተ። ወንበሩ የሚያስፈልገው ለዚሁ እኮ ነው፤ ሰውን የምናወዳድረው ከራሱ ጋር ነው። ቁጥር የማይመቸውን የእንስሳት ስም አስጠሩት።

አቤል 21፦ ስማርት ሰዓቴ የልብ ምት ይለካል። አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። መራመዱ ራሱ ልብ ያስመታል።

ነርስ ነኝ፦ ጭንቅላት ላይ የሚደረጉት መሣሪያዎችስ?

መልስ፦ ሁለቱን ልንገርሽ። አንዱ የአንጎልን ኤሌክትሪክ ያነባል። ተመሳሳይ ድምፅ እያሰሙ አልፎ አልፎ የተለየ ጣል ያደርጋሉ፤ አንጎል ለተለየው ድምፅ ከ300 ሚሊሰከንድ ገደማ በኋላ ሞገድ ይሰጣል፣ ሐሳቡ እርምጃው ላይ ከተጠመደ ሞገዱ ያንሳል። ጣጣው ላብና የአንገት ጡንቻ ንባቡን ማበላሸታቸው ነው። ሌላው ግንባር ላይ ብርሃን እያበራ የደሙን ኦክስጅን ያያል። በ2019 የታተመ የስዊድን ጥናት በዚህ ሲለካ፣ ኮምፒውተር በሌለው ሰው ሰራሽ ጉልበት የሚሄዱት፣ ኮምፒውተር ባለው ከሚሄዱት ይልቅ የፊተኛው አንጎላቸው ይበልጥ ይሰራ ነበር።

ሰለሞን ዲሲ፦ እንግዲያው ሲ-ሌግ፣ ያንን ባለ ኮምፒውተር ጉልበት፣ ባደርግ ጭንቅላቴ ያርፋል ማለት ነው?

መልስ፦ አትቸኩል። ሲ-ሌግ ገበያ ላይ የዋለው በ1997 ነው። በ2006 አሜሪካ ውስጥ በጥቂት ሰዎች ላይ ሲሞከር፣ ሰዎቹ ሐሳብ ቀለለን አሉ፤ እየሄዱ የሰሩት የአእምሮ ፈተና ውጤት ግን ከተራው ጉልበት አልተለየም። የሚሰማህና የሚለካው ሁልጊዜ አይገጥሙም። ስለዚህ ሁለቱንም ነው የምንይዘው። ለስሜቱ ናሳ በ1988 ያወጣው ባለ ስድስት ጥያቄ መጠይቅ አለ፤ የሐሳብ ጫናን፣ ልፋትን፣ ብስጭትን ሳይቀር ይጠይቃል።

ባለ ክራንች፦ እኛ ተራው የፕላስቲክ እግር፣ ፖሊፕሮፒሊን ላይ ነን፣ ሲ-ሌግ በማን አቅም!

መልስ፦ እውነት ነው። ግን የላላ ሶኬት፣ ማለትም የተቆረጠው እግርህ የሚገባበት ማቀፊያ፣ ከየትኛውም ጉልበት በላይ ሐሳብ ይበላል። ከሰዓት በኋላ እግርህ ሶኬቱ ውስጥ የሚዋዥቅ ከሆነ መጀመሪያ የተቆረጠው እግርህ ላይ ካልሲ ጨምር፣ ካልሆነ ወርክሾፕ ሂድና ያስተካክሉልህ። ይሄ ሳይስተካከል ጫና አትለካ።

ሀና ኤም፦ በአጭሩ መለኪያው ምንድን ነው?

መልስ፦ ከላይ ጽፌዋለሁ። አንብቢው።

እንግዳ፦ ስለ አእምሮ ትንሽ ብታብራራልን?

መልስ፦ ምኑን?

ጋሽ ተካ፦ ሲለመድ ይቀላል ወይስ እንደዚሁ ነው?

መልስ፦ ይቀላል ጋሼ። የለመዱት ግቢ ውስጥ ብዙ ሳያስቡት ይሄዳሉ። ኮብልስቶን፣ ግርግርና ጨለማ ላይ ግን ጫናው ይመለሳል። በተለይ ጨለማ፤ ዓይን እግርን መርዳት ያቆማል። መብራት ሲጠፋ ባትሪ ይያዙ።

ሜሪ አዋሳ፦ እናቴን ቤት ውስጥ እያስቆጠርኩ ልለካት?

መልስ፦ ከጎኗ ሰው ይቁም፣ ምንጣፉን አንሺ፣ ደረጃ አይሞከርም። መጀመሪያ ተቀምጣ ትቁጠር። አዎ፣ ተቀምጣ።