ሰማያዊው ገጽና ያልተመዘገበው ቁልፍ

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ፒያሳ ከገዛሁት ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ ኡቡንቱ 24.04 የተባለውን ስርዓተ ክወና ጫንሁ። የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርዱን ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) አስገብቼ ኮምፒውተሩን ሳስነሣ ሰማያዊ ገጽ መጣ፤ ስላልገባኝም «ቀጥል» የሚለውን መረጥሁ። አሁን በኤችዲኤምአይ የማገናኘው ስክሪን አይሠራም። ካርዱ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የገለጹት ሁሉ የሚያመለክተው ብልሽትን ሳይሆን ያለፉትን ሰማያዊ ገጽ ነው። ሴኪዩር ቡት የተባለው ጥበቃ ሲበራ፣ ከርነሉ (የስርዓተ ክወናው እምብርት) በሚያውቀው የዲጂታል ፊርማ ቁልፍ ያልተፈረመ ድራይቨርን አይቀበልም፤ ገጹም የመጣው በማሽንዎ ላይ የተፈጠረውን ቁልፍ እንዲያጸድቁ ነበር። በብዙ ላፕቶፖች ደግሞ የኤችዲኤምአይ መሰኪያው የተያያዘው ከኤንቪዲያ ካርድ ጋር በመሆኑ፣ ድራይቨሩ ካልተነሣ ውጫዊው ስክሪን ጨለማ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ስለዚህ በተርሚናል፣ ሞክዩቲል (mokutil) በተባለው ትእዛዝ ቁልፉን ዳግም ለምዝገባ ያቅርቡ። ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል የይለፍ ቃል እንዲፈጥሩ ይጠየቃሉ፤ ኮምፒውተሩን ዳግም ሲያስነሡ ሰማያዊው ገጽ የሚጠብቅዎ 10 ሰከንድ ያህል ብቻ ስለሆነ ቶሎ ከኪቦርዱ አንድ ቁልፍ ይጫኑና «ኢንሮል ሞክ» (Enroll MOK) የሚለውን መርጠው ያንኑ የይለፍ ቃል ያስገቡ። ከዚያም ኤንቪዲያ-ኤስኤምአይ (nvidia-smi) የተባለው ትእዛዝ የካርዱን ስም ካሳየዎ ድራይቨሩ ሠርቷል ማለት ነው።

ሴኪዩር ቡትን ከባዮስ (ከኮምፒውተሩ የመነሻ ቅንብር) ማጥፋትም ይቻላል፤ ጥበቃውን ስለሚያሳጣ ግን እኛ አናስቀድመውም፣ ያገለገለ ማሽን ላይ ደግሞ የቀድሞው ባለቤት ባዮሱን በይለፍ ቃል ቆልፎት ሊሆን ይችላል። ድራይቨሩንም ከኩባንያው ድረ ገጽ አውርደው ከመጫን ይልቅ በኡቡንቱ «ተጨማሪ ድራይቨሮች» መስኮት በኩል ቢያስገቡት፣ ከርነሉ በታደሰ ቁጥር ከመቸገር ይድናሉ።