«ስፖርተኛ ነኝ» ማለት ደም ግፊት አይዘኝም ማለት አይደለም

ይህን የምጽፈው ውጭ አገር ሆናችሁ ብረት ለምትገፉ ወንድሞችና እህቶች ነው። አልፎ አልፎ ዱምቤል የሚያነሳውን ሳይሆን ስኳትና ዴድሊፍት ኑሮው የሆነውን፣ መቶ አስር መቶ ሃያ ኪሎ የሚመዝነውን፣ የሸሚዙ አንገት አልዘጋ የሚለውን ሰው ማለቴ ነው። እኔም ከዚሁ ወገን ነኝ። ቨርጂኒያ ውስጥ ብረት ስገፋ ዓመታት አልፈዋል። የደም ግፊት ኪኒን እወስዳለሁ፣ አሁንም አነሳለሁ። ስለዚህ «ተው፣ ይቅርብህ» ልል አልመጣሁም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከሁለት መቶ ኪሎ በላይ ከመሬት የሚያነሳ ሐበሻ ደም ግፊቱን ተለክቶ አያውቅም። ስትጠይቀው «እኔ ስፖርተኛ ነኝ፣ ምን ያገኘኛል?» ይልሃል። ዘመድም ያግዘዋል። እኛ ዘንድ ሰው ሲገዝፍ «ተመችቶሃል፣ አምሮብሃል» ይባላል እንጂ «ለመሆኑ ግፊትህ ስንት ነው?» የሚል የለም። ጉልበት ግን ለደም ሥር መከታ አይሆንም። ሰውነት በገዘፈ ቁጥር፣ ጡንቻም ይሁን ስብ፣ ልብ የምትረጨው ደም ይበዛል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ደግሞ በከባድ ሚዛን ያለን ሰዎች ሁላችንም ጡንቻ ብቻ አይደለንም።

«ራሴን አያመኝም፣ ደህና ነኝ» የሚለውን ተወው። ደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳያሳይ ዓመታት ይቆያል። የሚታወቀው ሲለካ ብቻ ነው።

እንግዲህ አለካኩ ላይ ረዘም ላድርገው፣ ምክንያቱም ትልቅ ክንድ ያለው ሰው በብዛት የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ክንድ ላይ የሚጠቀለለው ጨርቅ፣ ካፍ የሚሉት፣ ልክ አለው። ልክህን ለማወቅ የልብስ ሰፊ ሜትር አምጣና የክንድህን መሀል፣ በትከሻና በክርን መካከል ያለውን፣ ሳትወጥረው ለካ። ከዚያ ካፉ ላይ የተጻፈውን ሴንቲሜትር እይ። ብዙ ጊዜ ከመሣሪያው ጋር የሚመጣው ለመካከለኛ ክንድ የተሠራ ነው። የአንተ ክንድ 43 ወይም 46 ሴንቲሜትር ከሆነ ትልቁን ወይም በጣም ትልቁን ለብቻው መግዛት አለብህ። በ2023 የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ በጣም ትልቁ ካፍ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች በመደበኛው ሲለኩ የላይኛው ቁጥር (ከሁለቱ ትልቁ፣ መጀመሪያ የሚጠራው) ወደ 20 ገደማ ከፍ ብሎ ታይቷል። ይህ ጤነኛውን ሰው በሽተኛ የሚያሰኝ ልዩነት ነው። በተቃራኒው ደግሞ ክሊኒክ ሄዶ 160 ሲባል «ካፉ ጠቦኝ ነው» ብሎ ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ የሚወጣ አለ። ለሁለቱም መልሱ አንድ ነው፤ በልክህ ካፍ ተለካ፣ ከዚያ የመጣውን ቁጥር ተቀበል።

ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ ሽንት ቤት ግባ። ቡና ሳትጠጣ፣ ሲጋራም ካለህ ሳታጨስ፣ መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ ቁጭ በል። እግርህን አታነባብር፣ መሬት ይርገጥ። ክንድህ ጠረጴዛ ላይ በልብህ ከፍታ ይረፍ፣ ካፉም በእጅጌ ላይ ሳይሆን በቆዳህ ላይ ይሁን። አምስት ደቂቃ ዝም ብለህ ተቀመጥ። ዝም ስል ከአዲስ አበባ የተደወለውን ስልክ በስፒከር ሳታወራ ማለቴ ነው፣ ማውራት ራሱ ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል። ከዚያ ለካ፣ አንድ ደቂቃ ቆይተህ ድገም፣ ሁለቱንም ጻፍ። ማታም እንዲሁ። ይህን ለሰባት ቀን አድርግና የመጀመሪያውን ቀን ትተህ የቀረውን አማካይ ያዝ። ከጂም እንደወጣህ አትለካ። ከስፖርት በኋላ ግፊት ለጥቂት ሰዓት ሊወርድ ስለሚችል «ይኸው ደህና ነኝ» ያሰኝሃል።

አሜሪካ ውስጥ ከ2017 ጀምሮ 130 በ80 ከደረሰ ደም ግፊት ነው ይባላል። አውሮፓ ግን መስመሩ ክሊኒክ ሲለካ 140 በ90፣ ቤት ሲለካ 135 በ85 ነው። ስለዚህ የፍራንክፈርቱ ሐኪምህና የሜሪላንድ ዘመድህ ሐኪም በአንድ ቁጥር ላይ የተለያየ ነገር ቢናገሩ አንዳቸው ተሳስተዋል ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ብረቱ። በ1985 ካናዳ ውስጥ ተመራማሪዎች ክንድ ደም ሥር ውስጥ ቀጭን ቱቦ አስገብተው ብረት በሚገፉ ሰዎች ላይ ለክተው ነበር። በሁለት እግር ሌግ ፕሬስ ሲገፉ አማካዩ 320 በ250 ደረሰ፣ አንዱማ ከ480 በ350 አለፈ። ሰዎቹ ጤነኞች ናቸው፣ ከፍታውም ለአጭር ጊዜ ነው። ይህን ያህል የሚያወጣው ትንፋሽን ይዞ ማማጥ፣ ከዚያም ላይ የተወጠረው ጡንቻ ራሱ ደም ሥሩን መጭመቁ ነው። ጤነኛ የደም ሥር ይችለዋል። አንተ ግን ቁጭ ብለህ 165 ከሆንክ ከዚያ ተነስተህ ነው የምትወጣው።

ስለዚህ እኔ የምከተለውን ልንገርህ፣ የልብ ሐኪሞችም የሚሉት ነው። ተቀምጠህ የላይኛው ቁጥር ከ160 በላይ ከሆነ ከባዱን እስኪስተካከል ተወው። 180 በ110 ከደረሰ ምንም ብረት አትንካ፣ ሐኪምህ ጋ ሂድ። ከዚህ ጋር የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊት መጣመም፣ የአንድ ወገን እጅና እግር መዛል ወይም የአንደበት መተሳሰር ካለ፣ ወይም ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን ደረትህን ወይም ጀርባህን ድንገት የቀደደህ ያህል ካመመህ፣ መኪና አስነስተህ ራስህ አትንዳ። አሜሪካና ካናዳ 911፣ አውሮፓ 112፣ እንግሊዝ 999፣ እስራኤል 101፣ ሳውዲ 997፣ ኤምሬትስ 998 ደውል። ጂም ውስጥ «ጡንቻ ተሳበብኝ» ብሎ ቤቱ ሄዶ መተኛት የሚገድለው እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

ግፊቱ እየተስተካከለ ባለበት ጊዜ መሥራት ትችላለህ። አንድ ጊዜ ብቻ የሚነሳውን ከፍተኛ ክብደት ተወው። ከስምንት እስከ አስራ ሁለት ጊዜ የምታነሳውን ያዝና ሁለት ሦስት ጊዜ ማንሳት ሲቀርህ አቁም፣ እየተንቀጠቀጥክ የመጨረሻዋን አታውጣ። ስትገፋ ትንፋሽህን አውጣ። ራስህ ወደ ታች የሚያዘቀዝቅበትን ቤንች ለጊዜው ተወው። በየመሀሉ ረዘም አድርገህ እረፍ። ሐኪሙ «ተስተካክሏል» ካለህ በኋላ ወደ ከባዱ በቀስታ ትመለሳለህ፣ ያኔም በአንድ ትንፋሽ አምስት ጊዜ አታንሳ፣ ለእያንዳንዱ አዲስ ትንፋሽ ውሰድ። ነስር ደግሞ የጀግንነት ምልክት አይደለም። እንግሊዛዊው የብረት ሰው ኤዲ ሆል በ2016 ሊድስ ላይ 500 ኪሎ ሲያነሳ አፍንጫው ደማ፣ ራሱንም ሳተ። ቪዲዮውን እያየን እናደንቃለን፣ ይገባዋልም። ግን ያው ሰው በ2017 የዓለም ጠንካራው ሰው ከተባለ በኋላ ከዚያ ውድድር ወጥቶ ክብደቱን ቀነሰ፣ እሱን ማን ያስታውሳል?

ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ወይም ብስክሌት በሳምንት 150 ደቂቃ ጨምር። እንደማትወደው አውቃለሁ፣ ግን ጨምር።

ምግብ ላይ ስንመጣ የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ። የእኛ ችግር ጨው ሁለት ጊዜ መግባቱ ላይ ነው። ከአገር ቤት የሚላከው ሽሮና በርበሬ ብዙ ጊዜ ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፣ ሚጥሚጣውማ የታወቀ ነው፣ እኛ ግን ወጡ ሲንተከተክ ሳንቀምስ እንደገና እንጨምራለን። ቋንጣም፣ የምግብ ቤት ጥብስም እንዲሁ። በዚያ ላይ የብረት ሰው ምግብ አለ፦ የታሸገ ሥጋ፣ ቱና፣ ፈጣን ኑድል፣ ቺፕስ። ለእናትህ ወይም ለሚልክልህ ሰው «ሽሮውን ያለ ጨው አዘጋጂልኝ» በል፣ ይህችን ብቻ ብታደርግ ብዙ ተቃለለ። ምስር፣ ጎመን፣ ድንች፣ ሙዝ፣ አቮካዶ ፖታሲየም ስላላቸው ይረዳሉ። ነገር ግን ሊሲኖፕሪል ወይም ሎሳርታን የሚባሉትን የግፊት ኪኒኖች የምትወስድ ከሆነ ወይም ኩላሊትህ ችግር ካለበት፣ ሱቅ ውስጥ «የጨው ምትክ» ተብሎ የሚሸጠውን ሐኪም ሳትጠይቅ አትግዛ። ፖታሲየም ነው፣ ደምህ ውስጥ ከበዛ የልብ ምትን ያዛባል።

ክብደትም አለ። አንድ ኪሎ ስትቀንስ በግምት አንድ ነጥብ ያህል ግፊት ይወርዳል። ከ120 ኪሎ በላይ ከሚባለው የውድድር ምድብ ወደ 120 ወይም ወደ 105 መውረድ ሽንፈት አይደለም፣ እዚያም ሪከርድ አለ።

ጂም ከመግባትህ በፊት የምትጠጣው ፕሪዎርክአውት በአንድ ማንኪያ እስከ 300 ሚሊግራም ካፌይን ሊኖረው ይችላል። ከዚያ ቤት ገብተህ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ስትጠጣ አስበው። ለጉልበትህ መገጣጠሚያ በየቀኑ የምትውጠው አይቡፕሮፌን፣ ናፕሮክሲን ወይም ዲክሎፌናክ ግፊት ይጨምራል፣ ኩላሊትም ይጎዳል፤ ለጉንፋን የሚሸጠው ሱዶኢፌድሪንም ግፊት ያወጣል። ጫትም ልብ ያስሮጣል። ሆላንድና ስካንዲኔቪያ ያላችሁ፣ ጥቁሩ የሊኮሪስ ከረሜላ ሳይቀር ግፊት ይጨምራል። ስቴሮይድ ለሚወስደው ደግሞ በግልጽ ልናገር፦ ግፊት ይጨምራል፣ የልብን ግድግዳ ያወፍራል፣ ደምን ያወፍራል፣ ሦስቱ በአንድ ላይ። ወንድሜ፣ ከወሰድክ ቢያንስ ለሐኪምህ አትደብቅ። ፖሊስ አይጠራብህም።

ሚስትህ «ስታንኮራፋ ትንፋሽህ ቁርጥ ይላል» ካለችህ ሰምተህ አትለፍ። አንገቱ ከ43 ሴንቲሜትር በላይ የሆነ ወንድ በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የመቋረጥ አደጋው ከፍ ያለ ነው፣ ይህ ሳይታከም ደግሞ ሦስት ዓይነት ኪኒን ብትውጥ ግፊትህ አልወርድ ሊል ይችላል። የእንቅልፍ ምርመራ ጠይቅ። ለሕክምናው ሌሊት ፊት ላይ የሚደረገው የአየር ማስክ መጀመሪያ ያስጠላል፣ ትለምደዋለህ።

ሐኪም ጋ ስትገባ መጀመሪያ «ከባድ ክብደት አነሳለሁ» በል። ምክንያት አለው። ጡንቻ የበዛበት፣ ክሬቲን ዱቄት የሚወስድ ሰው የኩላሊት ምርመራው ላይ ክሬቲኒን የሚባለው ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል፣ ኩላሊቱ ደህና ሆኖ ሳለ። ሲስታቲን ሲ የሚባል ሌላ ምርመራ አለ፣ ጥርጣሬ ካለ ጠይቅ። ቋንቋው ከከበደህ አሜሪካ ውስጥ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ የአስር ዓመት ልጅህን አታስተርጉም። ኢንሹራንስ ከሌለህ በገቢህ ልክ የሚያስከፍሉ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች አሉ፣ እንግሊዝ ውስጥ ዕድሜህ ከ40 በላይ ከሆነ ብዙ ፋርማሲዎች በነጻ ይለካሉ።

ኪኒኖቹን በተመለከተ፦ አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ሊያሳብጥ ይችላል። ሊሲኖፕሪል ደረቅ ሳል ሊያመጣ ይችላል፤ ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ ግን ድንገተኛ ነው፣ በጥቁሮች ላይ ይበዛል። ቤታ ብሎከር የልብ ምትን ስለሚይዝ ጉልበት ያነሰህ ይመስልሃል። የምትወዳደር ከሆነ ይህን አጥብቀህ ያዝ፦ ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶች፣ እንደ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ያሉት፣ በዓለም አቀፉ የፀረ አበረታች ቅመሞች ሕግ የተከለከሉ ናቸው። እነ ሎሳርታንና ሊሲኖፕሪል ለብቻቸው ችግር የለባቸውም፣ ግን ከሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጋር በአንድ ኪኒን ተደባልቀው ይሸጣሉ። ጠርሙሱ ላይ ሁለት ስም ካየህ አንብበው። ሐኪሙ የግድ ነው ካለህ ከውድድሩ በፊት የሕክምና ፈቃድ ማመልከት አለብህ። እህቴ፣ ለማርገዝ ካሰብሽ ሊሲኖፕሪልም ሎሳርታንም ለጽንስ አደገኛ ናቸውና አስቀድመሽ ለሐኪምሽ ንገሪ።

ቁጥሩ ሲስተካከል «ዳንኩ» ብሎ የሚያቆም ብዙ ነው። ያስተካከለው ኪኒኑ ነው። የጓደኛህንም አትዋጥ። በጾም ሰዓት ካስቸገረህ ሁዳዴም ይሁን ረመዳን፣ በቀን አንዴ የሚወሰደውን ሰዓቱን ማዛወር ብዙ ጊዜ ይቻላል፣ ሐኪምህን ጠይቅ እንጂ አታቋርጥ። ጸበልና ኪኒን አይጣሉም። ነጭ ሽንኩርቱንም ሺፈራውንም ከወደድክ ብላ፣ ግን ለሐኪሙ ንገረው፣ በኪኒኑ ቦታ አታድርገው።

አገር ቤት ስትሄድ ኪኒንህን በእጅ ሻንጣህ ያዝ፣ ከምትቆይበት ጊዜ ተርፎ እንዲመለስ አድርገህ። የመድኃኒቱን የንግድ ስም ሳይሆን ዋናውን ስምና ሚሊግራሙን በወረቀት ጻፍ፣ አዲስ አበባ ፋርማሲ ውስጥ የሚጠቅምህ እሱ ነው። ከተማው ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከባድ አትግፋ። መለኪያህንና ትልቁን ካፍ አትርሳ፣ የአንተን ልክ እዚያ ማግኘት ሊከብድህ ይችላል። ከመሣሪያው ጋር የመጣውን መካከለኛ ካፍም ጨምርበትና እግረ መንገድህን እናትና አባትህን ለካቸው፣ ከሁለቱ በአንዳቸው ካለ ለሐኪምህ የምትነግረው ነገር ነው።