«ካርታ መጠቆም ሙያ ነው ወይ?» ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽ ልቤን ነካው። ጋዜጠኝነት ጨርሰሻል። አንድ የአካባቢ ቴሌቪዥን ጣቢያ የአየር ትንበያ እንድታቀርቢ ጠርቶሻል። ጓደኞችሽ ደግሞ «አምሮ ቆሞ ካርታ መጠቆም ሙያ ነው?» ብለው አጣጥለውብሻል። እኔ በዚህ ሥራ 11 ዓመት ቆይቻለሁ። ሙያ ነው፤ ለዚያውም ከባድ ሙያ።

ሲጀመር የምትጠቁሚው ካርታ የለም። ከኋላሽ ያለው ባዶ አረንጓዴ ግድግዳ ነው። ኮምፒውተሩ አረንጓዴውን ቀለም አውጥቶ በቦታው ካርታውን ያስገባል። አረንጓዴ ልብስ የማንለብሰውም ለዚህ ነው፤ ልብሱም አብሮ ይጠፋል። ካርታውን የምታዪው በግራና በቀኝ በተቀመጡት ሞኒተሮች ላይ ብቻ ነው። ፊትሽ ወደ ተመልካቹ ሆኖ፣ በዓይንሽ ጫፍ ሞኒተሩን እያየሽ፣ እጅሽ ባዶ ግድግዳ ላይ ትክክለኛውን ቦታ ማግኘት አለበት። አውራ ጣትሽ ደግሞ ካርታ የምትቀይሪበት ሪሞት ላይ ነው። ዜና አንባቢው ከፊቱ የሚያልፍለት ጽሑፍ አለው። እኛ አብዛኞቻችን በቃላችን ነው የምናወራው። ለሁለት ደቂቃ ተኩል ተዘጋጅተሽ ገና አፍሽን ስትከፍቺ፣ ፕሮዲውሰሩ ጆሮሽ ውስጥ «አንድ ደቂቃ ብቻ!» ይልሻል። ያን ጊዜ ምኑን ትተሽ ምኑን ትናገሪያለሽ?

እኔ የምመርጠው ሰው ነገ የሚያደርገውን ነገር ነው። ተመልካቹ ስለ አየር ግፊት ሊማር አልተቀመጠም። ልጆቹን ምን ያልብስ? መንገድ ይጀምር ወይስ ይቆይ? እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 11 ቀን 1954 ጆርጅ ካውሊንግ የሚባል የሜትሮሎጂ ባለሙያ በቢቢሲ ቴሌቪዥን ለመጀመሪያ ጊዜ በአካል ቀርቦ ትንበያ ሲናገር፣ ነገ ነፋስ ስለሚኖር ልብስ ለማስጣት ጥሩ ቀን ነው ብሎ ነበር። ይኸው ነው ሥራው።

የጠዋት ፕሮግራም ከደረሰሽ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ትነሻለሽ። ሜካፕ ከመቀባትሽ በፊት የሳተላይት ምስሉን፣ ራዳሩንና የሚመጣውን አየር የሚያሰሉትን የኮምፒውተር ሞዴሎች ታያለሽ። ጂኤፍኤስ የሚባለው የአሜሪካኖቹ ሞዴል በቀን 4 ጊዜ አዲስ ስሌት ያወጣል። የአውሮፓውያኑም አለ። ችግሩ ሁልጊዜ አይስማሙም። አንዱ ዝናቡን ቀን ያመጣዋል፣ ሌላው ጭራሽ አያሳየውም።

እኔን ያስተማረኝ እንዲህ ያለ ቀን ነው። አንደኛው ሞዴል ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ አሳይቶ ነበር። ንግግሬ እንዳይዝረከረክ ብዬ ዘለልኩት። «ነገ ቀኑን ሙሉ ደረቅ ነው» አልኩ። በማግስቱ ዶፍ ወረደ። አንዲት እናት ጣቢያው ድረስ ደወሉ። ሜዳ ላይ የተጣለው የልጃቸው የሠርግ ድንኳን ውሃ ሞልቶት ወድቋል። አልጮኹብኝም። «ልጄ፣ ትንሽ እንኳ አልተጠራጠርክም ነበር?» ነው ያሉኝ። ተጠራጥሬ ነበር። ያን ቀን ማታ ስርጭቱን የጀመርኩት ይቅርታ በመጠየቅ ነው። ጥርጣሬዬንም ለምን እንደደበቅኩ ተናገርኩ። ከዚያ ወዲህ ደብቄ አላውቅም። ትንበያ ይሳሳታል፣ ሰውም ያንን ያውቃል። የማይረሳልሽ እያወቅሽ ዝም ካልሽው ነው።

ስለዚህ ጥርጣሬን በሰው ቋንቋ መናገር ልመጂ። «የመዝነብ እድሉ 30 በመቶ ነው» ስትዪ ብዙ ሰው የቀኑ 30 በመቶ ይዘንባል ማለት ይመስለዋል። እንደዚህ ያሉ 10 ቀናት ቢኖሩ በ3ቱ ይዘንብብሃል፣ በ7ቱ አይዘንብብህም ማለት ነው። እንደዚህ ብለሽ ስትነግሪው ጃንጥላ መያዝ አለመያዙን ራሱ ይወስናል።

ኑሮው? መንገድ ላይ ሁሉም ያስቆምሻል። አውሎ ነፋስ ሲመጣ ሌላው ቤቱ ሲገባ አንቺ ሥራ ትገቢያለሽ፤ በልጆቼ ልደት ሳልገኝ የቀረሁባቸው ቀኖች አሉ። አንድ ነገር ደግሞ ሳልነግርሽ አላልፍም። ሴት ባልደረቦቼ ስለ ትንበያቸው ከሚጻፍላቸው ይልቅ ስለ ቀሚሳቸውና ስለ ሰውነታቸው የሚጻፍላቸው ይበዛ ነበር። ይሄ በጣም ያናድደኛል። ብቻሽን አትሸከሚው፣ ገና ከመጀመሪያው ለአለቃሽ አሳዪ።

የሜትሮሎጂ ትምህርት የለኝም ብለሽ አትፍሪ፣ ግን ተማሪ። ከዛሬ ጀምሮ በየማታው የነገን አየር በራስሽ ገምተሽ ደብተር ላይ ጻፊ፣ በማግስቱ አስተያዪው። ሦስት ወር ብትሠሪበት ሞዴሎቹ በአካባቢሽ የት ላይ እንደሚስቱ ራስሽ ታውቂያለሽ።

ውሉን ከመፈረምሽ በፊት ደግሞ ጣቢያውን ሁለት ነገር ጠይቂ። ትንበያውን የሚያዘጋጀው ማነው፣ ስጠራጠርስ ደውዬ የማነጋግረው የሜትሮሎጂ ባለሙያ አለ ወይ? ድንገት አደገኛ አየር ቢመጣ ፕሮግራም አቋርጬ ማስጠንቀቅ ይፈቀድልኛል ወይ? ለሁለተኛው «እናያለን» ካሉሽ፣ መልሱን በጽሑፍ እስኪሰጡሽ አትፈርሚ።