ከሥራ መልስ ጂማት ማጥናት፦ እንቅልፍ ላሸነፈው የባንክ ሠራተኛ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። 29 ዓመቴ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ባንክ ቅርንጫፍ የብድር ባለሙያ ነኝ። ውጭ አገር ኤምቢኤ (የንግድ ሥራ አስተዳደር ማስተርስ) ለመማር ጂማት የሚባለውን የመግቢያ ፈተና መፈተን አለብኝ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት እወጣለሁ። መገናኛ ታክሲ ተሰልፌ ቤት ስገባ አንድ ሰዓት ተኩል ይሆናል። ቅዳሜም ግማሽ ቀን እሠራለሁ። ማታ ደብተር ስከፍት እንቅልፍ ያዳፋኛል። አራት ወር ሞክሬ የልምምድ ፈተና ውጤቴ 505 ላይ ቆመ። ጓደኞቼ ሥራህን ልቀቅና አጥና ይሉኛል። እርስዎ ምን ይሉኛል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሥራህን አትልቀቅ። ትምህርት ቤቶቹ የሚመዝኑት የፈተና ውጤትህን ብቻ አይደለም፤ ምን ስትሠራ እንደቆየህም ያያሉ። ደግሞ ደመወዝ ተቋርጦ የቤት ኪራይ እያሰቡ ማጥናት ጥናት አይሆንም። ከዚያ ይልቅ የዓመት ፈቃድህን አትንካት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት ብቻ 16 የሥራ ቀን ይሰጥሃል፤ ከዚያ በላይ ከሠራህ ይጨምራል። ለፈተናው የመጨረሻ ሁለት ሳምንት አስቀምጣት።

አሁን ወደ 505ቱ እንምጣ። መጀመሪያ የምታጠናበትን መጽሐፍ አገላብጠህ እይ። ፈተናው ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ተቀይሯል። ድርሰት የለም፣ ሰዋስው የማረም ጥያቄ የለም፣ ኳንት (የሒሳቡ ክፍል) ውስጥ ጂኦሜትሪም ቀርቷል። ከጓደኛ የተቀበልከው ፎቶ ኮፒ የድሮው ከሆነ ምሽቱን ሙሉ የማትጠየቀውን የሦስት ማዕዘን ስፋት ስታሰላ እያመሸህ ነው ማለት ነው። ነጥቡም ተቀይሯል፤ አሁን ከ205 እስከ 805 ነው። የዛሬው 645 ከድሮው 700 ጋር የሚቀራረብ ደረጃ ላይ ነው። ስለዚህ "700 ካላመጣህ ዋጋ የለህም" የሚልህን ሰው አትስማው።

ማታውን ተወው። ይህን የምልህ ከራሴ ደርሶብኝ ነው። ቀን ቢሮ እየዋልኩ ማታ ማታ ሁለት ወር አጥንቼ ነበር፤ አንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ አንብቤ ሲነጋ ጠብ የሚል ነገር አላገኘሁም። ወደ ንጋት ስቀይረው ግን አንድ ሰዓቷ የማታውን ሦስት ሰዓት በለጠችብኝ። አንተም ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ተኛ፣ ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ተነሳ። ፊትህን ታጠብ፣ ስልክህን ሌላ ክፍል ተወው፣ እስከ 12 ሰዓት ሥራ። ከዚያ ማታ ቤት ስትገባ ዕዳ የለብህም፤ ራትህን በልተህ ከሰው ጋር ታወራለህ። የታክሲ ሰልፉ ላይ አዲስ ጥያቄ አትጀምር። እዚያ ላይ የስህተት ደብተርህን፣ ለምን እንደተሳሳትክ የምትጽፍበትን ማለቴ ነው፣ ነው የምታነበው።

የስህተት ደብተር ከሌለህ ዛሬውኑ ግዛ። እኔን ያወጣኝ እሱ ነው። ብዙ ሰው 30 ጥያቄ ይሠራል፣ መልሱን ያያል፣ "አዎ ገባኝ" ብሎ ያልፋል፤ በሳምንቱ ያንኑ ጥያቄ ያንኑ ስህተት ይሳሳታል። ምሳሌ ልስጥህ። የአንድ ዕቃ ዋጋ መጀመሪያ 20 በመቶ ጨመረ፣ ከዚያ 20 በመቶ ቀነሰ፤ መጀመሪያ 100 ብር ከነበረ አሁን ስንት ነው? ቸኩለህ 100 ትላለህ። መልሱ 96 ነው፤ ሁለተኛው 20 በመቶ የሚቀነሰው ከ120 ላይ ነውና። ደብተርህ ላይ "መቶኛ አላውቅም" ብለህ አትጻፍ፤ ውሸት ነው፣ ታውቃለህ። "ከየትኛው ቁጥር ላይ እንደሚቀነስ ሳልጠይቅ ቸኮልኩ" ብለህ ጻፍ። እንዲህ 40 እና 50 መስመር ስትጽፍ ስህተቶችህ አምስት ወይም ስድስት ዓይነት ብቻ መሆናቸውን ታያለህ። ያኔ ምን ማጥናት እንዳለብህ ደብተሩ ራሱ ይነግርሃል።

ሌላው ፍጥነት ነው። ኳንት በ45 ደቂቃ 21 ጥያቄ ነው፣ ቨርባል (የእንግሊዝኛው ክፍል) 23፣ ዳታ ኢንሳይትስ (ሠንጠረዥ፣ ግራፍና ሌላ መረጃ የሚመረመርበት ክፍል) 20፤ ሁሉም እኩል 45 ደቂቃ። ካልኩሌተር ዳታ ኢንሳይትስ ላይ ብቻ ነው የሚፈቀደው። እኛ ደግሞ ሙሉውን ስሌት ደረጃ በደረጃ ካላወጣን የሠራን አይመስለንም፤ አስተማሪዎቻችን እንደዚያ ነው ያሳደጉን። እዚህ ግን ያከስርሃል።

ዳታ ኢንሳይትስ ውስጥ ዳታ ሰፊሸንሲ የሚባል የጥያቄ ዓይነት አለ። መልሱን አውጣ አይልህም። የተሰጠህ መረጃ መልሱን ለማወቅ ይበቃል ወይ ነው የሚልህ። አንተ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይህን ስትሠራ ነው የምትውለው! ደንበኛ የንግድ ፈቃዱን፣ የግብር ክሊራንሱን፣ የባንክ ስቴትመንቱን አያይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የምትጠይቀው "ይህ ወረቀት ለመወሰን ይበቃኛል ወይስ የጎደለ አለ?" ብለህ አይደል? ያው ነው። አንድ ሱቅ በሁለት ቀን 120 ዳቦ ሸጠ እንበል። በሁለተኛው ቀን ስንት ሸጠ? አንደኛው መረጃ፣ የመጀመሪያው ቀን ሽያጭ ከሁለተኛው በ20 ይበልጣል ይላል። ሁለተኛው መረጃ፣ የመጀመሪያው ቀን ሽያጭ ከሁለተኛው ይበልጣል ብቻ ይላል። አንደኛው ብቻውን ይበቃል፣ ሁለተኛው አይበቃም፤ አለቀ። 50 መሆኑን ለማውጣት የምታጠፋው ሰከንድ ሁሉ ከሚቀጥለው ጥያቄ የምትሰርቀው ነው።

የከበደህን ጥያቄ ገምተህ ምልክት አድርግና እለፍ። ክፍሉን ጨርሰህ ደቂቃ ከተረፈህ ተመልሰህ እስከ 3 መልስ መቀየር ትችላለህ። ሳይመለስ የቀረ ጥያቄ ግን ነጥብ ያስቀንሳል፤ ስለዚህ ክፍት የተተወ አይኑር።

የጊዜ ሰሌዳህን በባንኩ ሰሌዳ አውጣ። ሰኔ 30 የበጀት ዓመት መዝጊያ ነው፤ ሰኔን ለጥናት አትቁጠራት፣ አመሻሽተህ ነው የምትወጣው። ሐምሌና ነሐሴ ጠበቅ አድርገህ አጥና፣ ጥቅምት ላይ ተፈተን። ውጤቱ ካልተስማማህ ከ16 ቀን በኋላ ደግመህ መቀመጥ ይፈቀዳል። የአሜሪካና የአውሮፓ ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያውን ዙር መስከረም አካባቢ፣ ሁለተኛውን ገና ሰሞን ይዘጋሉ። አንተ ሁለተኛውን ዙር ያዝ። ኅዳርን ለማመልከቻ ጽሑፍህ ተዋት፤ እሱም ሌላ ሥራ ነው። የፈተናው ባለቤቶች በነፃ የሚሰጡትን ሁለት የልምምድ ፈተናም አሁን አታባክን። አንዱን ነሐሴ መጨረሻ፣ አንዱን ከፈተናው አሥር ቀን በፊት፣ እሁድ ዕለት ልክ በምትፈተንበት ሰዓት ተቀመጥባቸው።

ጥያቄ፦ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ሆስፒታል ውስጥ በሳምንት ሦስት ቀን የ12 ሰዓት ፈረቃ እሠራለሁ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። የማታ ኤምቢኤ ለመጀመር አስቤያለሁ። ጂማት ይሻለኛል ወይስ ጂአርኢ የሚባለው ሌላው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁለቱም በፊት ለምታስቢው ትምህርት ቤት አንድ ኢሜይል ጻፊ። የሥራ ልምድ ላላቸው ሰዎች ፈተናውን የሚያስቀሩ የማታ ፕሮግራሞች ብዙ ናቸው፤ ሳትጠይቂ መጽሐፍ አትግዢ። ፈተና የግድ ነው ካሉሽ ኤክስኪዩቲቭ አሰስመንትን ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቂ። በሥራ ላይ ለቆዩ ሰዎች የተዘጋጀ ነው፣ 40 ጥያቄ በ90 ደቂቃ። ጂአርኢም ከ2023 ጀምሮ አጥሮ 1 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ሆኗል፤ ሒሳቡ ላይ ካልኩሌተር አለው፣ ግን ከበድ ያሉ የእንግሊዝኛ ቃላት ይበዙበታል። ዲግሪሽ ከአገር ቤት ከሆነ ትራንስክሪፕትሽን በየትኛው ተቋም አስገምግመሽ እንድታቀርቢላቸው እንደሚፈልጉ በዚያው ኢሜይል ላይ ጠይቂ፤ ወረቀቱ እስኪመጣ የሚወስደው ጊዜ ከፈተናው በላይ ሊያዘገይሽ ይችላል።